«ራሱ መላጣ ነው» ያልኩ ዕለት

ዴራ ላይ ባይናኩላር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከተማው እኔን ለመተረብ ብዙም አልተቸገረም። በማለዳ ወጥቼ ፀሐይዋ ስትበረታ ስመለስ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተደረደሩት ባጃጅ ነጂዎች «እህሳ ቲቸር፣ ዛሬስ?» ይሉኛል። አፌን ከመክፈቴ በፊት አንዱ ይቀድመኛል፤ «ወፍ የለም!» ከዚያ ሳቅ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያው ቀልድ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያው ሳቅ። አሁን አሁን እኔንም ያስቀኛል። አንድ ሰሞን ግን ቀልዷ እንደ ሚጥሚጣ ዓይኔ ውስጥ ስትገባ ከርማለች። የዚያን ሰሞን ጉድ ነው ዛሬ የምናዘዘው።

ያደግኩት ከዴራ ሽቅብ፣ አሰላ ነው። በልጅነቴ ገና ሳይነጋ በጣሪያችን ላይ እያንባረቀ የሚያልፍ የጥቁር ወፍ መንጋ ነበር። ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመ ነው። እናቴ ሰዓት አልነበራትም፤ «ተነሱ፣ አለፉ እኮ» ብላ ነበር ለትምህርት ቤት የምትቀሰቅሰን። እኔ ወፉን ከመራገም በቀር ስሙን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ስሙን የሰማሁት ጎልምሼ፣ መምህር ሆኜ፣ ያውም ባዮሎጂ እያስተማርኩ ነው። ለእረፍት አሰላ ወጥቼ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ስዘዋወር፣ አንድ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ያን እኔ የምራገመውን ወፍ እንደ ታቦት ሲያዩት ደረስኩ። አስጎብኚያቸው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። «ይህን ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አታገኘውም። እኚህ ሰውዬ ለእሱ ነው ከአገራቸው የመጡት» አለኝ። ያን ዕለት ያፈርኩትን እፍረት የምረሳው አይመስለኝም። ዓለም በአውሮፕላን ለሚመጣለት ወፍ እኔ በትራስ ጆሮዬን ደፍኜ ነው ያደግኩት።

አስጎብኚው ወዳጄ ሆነ። አሮጌ ባይናኩላሩንም በርካሽ ሸጠልኝ። በእሱ በኩል ከሌሎች ሰባት ስምንት ሰዎች ጋር ተዋወቅሁ። አስጎብኚ አለ፣ የደን ባለሙያ አለ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር የሚኖር ዓሣ ነጋዴ ሳይቀር አለ። እርስ በርሳችን እየተደዋወልን ያየነውን እንነጋገራለን። መስከረም ላይ ከላሞች እግር ሥር የሚሯሯጡት ቢጫ ወፎች ገቡ እንባባላለን። ጥቅምት ላይ ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳ የሚመጡት ንስሮች ታዩ፣ ኅዳር ላይ ሽመላ ስንዴው አጨዳ ላይ ወረደ እንላለን። ጥር ሲመጣ ደግሞ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሰዎችም ሐይቅ ለሐይቅ ሲቆጥሩ ይሰነብታሉ። የጠራ አማተር ነኝ፤ ግን ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል አንድ ቀን «መጀመሪያ ያየው እሱ ነው» እንዲባልልኝ ፈለግሁ። በሽታዬ እዚህ ላይ ጀመረ።

የመጀመሪያው ውርደቴ ቀላል ነበር። ወደ ወፍ ማየቱ በገባሁበት ዓመት፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ዴራ ዳር ካለ የማሽላ ማሳ ውስጥ እሳት የመሰለ ቀይና ጥቁር ወፍ አየሁና ስልኬን አነሳሁ። «የመስቀል ወፍ ከስደት ገባ!» በማዶ ያለው ወዳጄ ትንሽ ዝም አለና «ከየት ነው የገባው?» አለኝ። የምመልሰው ቢኖረኝ አይደል! ለካ የመስቀል ወፍ የትም አይሄድም። ወንዱ ክረምት ሲገባ አመዳም ላባውን አውልቆ ቀዩን ወይም ቢጫውን የክት ልብሱን ይለብሳል። በጋው ሲጠና ደግሞ ያንን ይጥልና ከሴቶቹ ጋር፣ ከድንቢጡ ጋር ተቀላቅሎ ዓይናችን ሥር ይጠፋብናል። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ሰው ሲጠፋብን «የመስቀል ወፍ ሆንክ» የምንለው፣ ወፏ እኮ ጓሯችን ናት።

ይህን ሳውቅ የደነገጥኩት በስልኩ ምክንያት አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ባወጣሁት ፈተና ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ ተሰዳጅ ወፍ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ነበረ። መልሱም «ሐ. የመስቀል ወፍ» ነበር። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ «መ. መልሱ አልተሰጠም» የሚለውን ከበበች። ኤክስ አደረግኩባት። «ቲቸር፣ የመስቀል ወፍ ታኅሣሥም እናገኛታለን፣ ቡናማ ሆና» ብላ መከራከሯ ትዝ ይለኛል። «መጽሐፉን አንብቢ» አልኳት። የትኛውን መጽሐፍ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰው ከዚህ ይማራል ትላላችሁ። እኔ የተማርኩት ሌላ ነገር ነው፤ «በሚቀጥለው የማያጠራጥር ነገር ይዤ ካልቀረብኩ ስሜ አይታደስም» የሚለውን።

የሚያጓጓኝ ወፍም ነበረ። በአማርኛ ስም የሰጠው ሰው ስላላገኘሁ ራሰ በራው አይቢስ እለዋለሁ። አሰላ ጣሪያችን ላይ የሚጮኸው ወፍ ዘመድ ነው፤ ጥቁር፣ ምንቃሩ ቆልማማ። ራሱ ግን ላባ የለውም፣ እንደ ተላጨ ሽማግሌ ራስ ያብረቀርቃል፣ ቀይ ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ በረሃ የዱር ዘሩ አልቋል ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ሶሪያ ውስጥ፣ ፓልሚራ አጠገብ፣ በጣት የሚቆጠሩ ተገኙ። በ2006 ሦስቱን ይዘው ጀርባቸው ላይ በሳተላይት የምትከታተል መሣሪያ አሰሩባቸው። ወፎቹ በሳውዲ አረቢያና በየመን አድርገው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የት ቢያርፉ ጥሩ ነው? እኛው ደጋ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ፣ ከብት በሚሰማራበት ሜዳ። ሰዎች ሄደው በዓይናቸው አዩዋቸው። ከዚያ ወዲህ የሶሪያው መንጋ ተመናመነና ጠፋ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ሰው «ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ አየሁ» ቢል ወሬው ከአገር አልፎ የሚሰማ ነው። ይህን ታሪክ ከወዳጄ የሰማሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኅዳር 14 ቀን ቅዳሜ ነበር። ከዴራ ወደ አዋሽ በሚወርደው ሜዳ ማሽላው ደርሷል፣ ግሪሳውም ደርሷል። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማማው ላይ ቆሞ በወንጭፍ ያጮኻል። ሲያየኝ ወርዶ አጠገቤ ቆመ፤ ባይናኩላሬን አንድ አፍታ እንዳውሰው ዘወትር የሚጠብቅ ልጅ ነው። ሙቀቱ ምድሩን ማርገብገብ ጀምሯል። ከማሳው ባሻገር፣ ከሁለት መቶ እርምጃ በላይ በሚርቅ ደረቅ ሣር ላይ፣ ጥቁር ነገር ጎንበስ ቀና ይላል። ባይናኩላሬን አነሳሁ። ምንቃሩ ቆልማማ! ልቤ ጎሮሮዬ ሥር መጣ።

ደብተሬን አውጥቼ የጻፍኩት ይኸው አሁንም አለ፤ ፊቴ ዘርግቼው ነው የምገለብጠው። «ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 3፡20። አንድ ወፍ። ጥቁር። ምንቃሩ ረጅም፣ ወደ ታች የቆለመመ። እግሩ አጠር ያለ ይመስላል። ራሱ በደንብ አልታየኝም።» እስከዚህ ድረስ ሐቀኛ ሰው ነበርኩ።

ልጁ «ቲቸር፣ ይቺ እኮ እዚሁ ናት። ማታ ማታ ወደ ወንዙ ትሄዳለች» አለኝ።

«ዝም በል፣ ታስደነግጣታለህ» አልኩት።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስልኬ ጆሮዬ ላይ ነበር። ወዳጄ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ ይጠይቀኛል። ምንቃሩ? ቆልማማ። እግሩ? አጭር። ክንፉ ላይ ነጭ አለው? የለውም። «ራሱስ?» አለኝ።

እዚህች ላይ ነው ነገሩ። ደብተሩ ጭኔ ላይ ተዘርግቷል። «ራሱ በደንብ አልታየኝም» የሚለው መስመር ቀለሙ ገና አልደረቀም። እኔም ያቺን መስመር እያየሁ፣ «መላጣ ነው» አልኩ።

«ቀይ?»

«ቀይ።»

ለምን እንዳልኩት ብትጠይቁኝ ልዋሽ አስቤ አይደለም። በዚያች ሰዓት ራሱ መላጣ ሆኖ ታይቶኝ ነበር፤ እምላለሁ። እሱ ሲጠይቀኝ ነው የታየኝ። ሰው አንድን ነገር በጣም ሲፈልግ ዓይኑ እንደ ደላላ ይሆናል፤ የሌለውን ቤት ሦስት ክፍል አለው ይላል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንኳ ወደ ሜዳው መለስ ብዬ ቀረብ ብዬ ላረጋግጥ አላልኩም። ወፉ እንዳይበርብኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አሁን ሳስበው የፈራሁት መብረሩን ሳይሆን ራሱ ላይ ላባ መኖሩን ነው።

በነጋታው አራት ሆነው መጡ። ሦስቱ ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስተው፣ በፈጣኑ መንገድ አዳማን አልፈው፣ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ ዴራ ደረሱ። አንዱ ከዝዋይ ነው፤ እሁድ የዓሣ ገበያውን ጥሎ መጣ። የቤንዚኑን ዋጋ እናንተው ገምቱት። እኔ ሌሊቱን በሐሳቤ ከጋዜጠኛ ጋር ስነጋገር ነው ያደርኩት፤ «እንዴት ለዩት?» ሲለኝ ፈገግ ብዬ «ልምድ ነው» ስል።

ልጁ ማማው ላይ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያየን በወንጭፉ ጫፍ ጠቆመን። ወፉ ትናንት በነበረበት፣ ትናንት እንደነበረው ጎንበስ ቀና ይላል። ወዳጄ ቴሌስኮፑን ተክሎ አየ። ብዙ አየ። ምንም አላለም። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ «ና እስቲ» አለኝ።

ዓይኔን ሳስጠጋ ወፉ እዚያው እጄ ላይ ያለ ያህል ቀረበ። ራሱ ላባ አለው። ቆንጆ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አመድማ ላባ። ጉንጩ ላይ እንደ ጠመኔ የተሰመረ ነጭ መስመር አለው። ትከሻው በፀሐዩ አረንጓዴ ያብረቀርቃል። መላጣነት የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈም። እኔ ግን ምን አልኩ? «ይሄ ሌላ ነው። የትናንቱ ሄዷል።»

ማንም አልመለሰልኝም። የመለሰልኝ ወፉ ነው። በዚያው ቅጽበት ከሣሩ ተነሳና ወደ አዋሽ አቅጣጫ እየበረረ፣ አገር በሚሰማው ድምፅ «ሃ! ሃ! ሃዳዳ! ሃዳዳ!» እያለ ሄደ። ሃዳዳ ስሙ ነው፤ በመጽሐፉም የሚጠራው በዚሁ በጩኸቱ ነው። በአፍሪካ ሰፊ ክፍል የሚገኝ፣ ሰው የለመደ፣ ተራ ወፍ። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ሲባል ስሰማ ኖሬ፣ ወፏ ራሷ መጥታ ስሟንና ፊርማዋን አስቀምጣ ስትመሰክርብኝ ያን ዕለት አየሁ። ልጁ ማማው ላይ ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። አልፈርድበትም።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ! ሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ ሽሮ በላን። ወዳጄ ደብተሬን እንዳሳየው ጠየቀኝ። እምቢ የምልበት መላ አልነበረኝም። ገጹን አነበበ፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱን እዚያው አሳረፈ። ቀና ብሎም አላየኝም። ደብተሩን አጥፎ መለሰልኝና ወሬውን ቀየረ። የቀየረ መሰለኝ እንጂ።

የነጭ ሳሩን ወፍ ታሪክ ነበር የሚያወራው። እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው አንድ የሌሊት ወፍ አገኙ። ክንፍ ያለውን አጥቢ እንስሳ አይምሰላችሁ፤ ማታ ማታ መንገድ ላይ የሚተኛ፣ ነፍሳት አዳኝ ወፍ ነው። ከተጨፈለቀው ሬሳ ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ያን ክንፍ ይዘው ከየቤተ መዘክሩ ናሙና ጋር ሲያስተያዩ ከረሙ። ከሚታወቁት ከአንዱም ጋር አልገጥም አለ። በ1995 አዲስ ዝርያ ነው ብለው አሳወቁ። ሳይንሳዊ ስሙን ምን አሉት? በላቲን «ክንፍ ብቻ» የሚል ትርጉም ያለው ስም። «ደረቱ እንዲህ ነው፣ ዓይኑ እንዲያ ነው ማለት ይችሉ ነበር፤ ማን ያያቸዋል?» አለ ወዳጄ ሽሮውን እየጠቀለለ። «ያላቸው ክንፍ ነው። ክንፍ ብቻ አሉት።» ጉርሻዋ ጎሮሮዬ ላይ ቀረች።

ቀጥሎ የሆነውን ባልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ጅብ መጣ ብሎ የጮኸውን እረኛ ተረት እኔው ራሴ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተርቻለሁ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አዋሽ ዳር ሁለት ጥቁር ሽመላዎች ጎን ለጎን ቆመው አየሁ፤ ደወልኩ። «ፎቶ አለህ?» ተባልኩ። አልነበረኝም። «እሺ» ብለው ዘጉት። ያቺን «እሺ» የሰማ ያውቃታል። በሰፈርም ነገሩ ተሰምቷል፤ የበረንዳዋ «ወፍ የለም» የዚያን ሰሞን ሌላ ጣዕም ነበራት።

ነገሩ ከእኔ ክብር በላይ እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሽመላን፣ ንስርን የመሰለ ሰፊ ክንፍ ያለው ወፍ ሩቅ የሚሄደው ክንፉን እያማታ አይደለም። ከምድር በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ ተሳፍሮ እየተንሳፈፈ ነው። ባሕር ላይ ያ አየር ስለሌለ ከአውሮፓና ከእስያ ሲመጣ ጠባብ ማለፊያ ይፈልጋል፤ አንዱ በሲና፣ ሌላው በባብ ኤል መንደብ። ጅቡቲ ዳር የቆሙ ቆጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987፣ በአንድ የፍልሰት ወቅት ብቻ፣ ከ200,000 በላይ አሞሮችና ንስሮች ሲያልፉ ቆጥረዋል። በቀይ ባሕርና በስምጥ ሸለቆው መስመር በጠቅላላው 37 ዓይነት ተንሳፋፊ ወፍ፣ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚደርስ፣ ይመላለሳል። ከዴራ ወደ አሰላ ስትወጡ ኢተያ አጠገብ የምታዩት 100 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ጣቢያም የሚሽከረከረው በዚሁ ሰማይ ውስጥ ነው። የት፣ መቼ፣ በምን ያህል ከፍታ ያልፋሉ ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ መልሱን የሚያገኘው እንደ እኔ ካለው ሰው ደብተር ነው። እኔ ደግሞ ደብተሬ ሌላ፣ አፌ ሌላ።

ስልክ መደወሉን ተውኩና ማማው ላይ ከልጁ ጋር መቀመጥ ጀመርኩ። ባይናኩላሩን ለእሱ ሰጥቼ እኔ ወንጭፉን ያዝኩ። (ወንጭፉ ላይ ከወፉ ይበልጥ ሰነፍ ነኝ፤ አንዴ የራሴን ኮፍያ መትቻለሁ።) ልጁ ግሪሳው ከየትኛው ዛፍ እንደሚነሳ ያውቃል። ሃዳዳዎቹ ስንት እንደሆኑ ያውቃል፤ አምስት ናቸው። የማያውቀውን ስጠይቀው «እንጃ» ይለኛል። ሳያፍር፣ ሳይሽኮረመም፤ «እንጃ ቲቸር።» እኔ ዲግሪ ይዤ ያልቻልኳትን ቃል።

አንድ ቀን እንደ ዋዛ «አያቴ የወፍ ቀለበት አላት» አለኝ።

አያቱ ቤት ሄድን። እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ አባባም መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የተባለው ቀለበት የሣጥን ቁልፍ ማንጠልጠያ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አወረዱልኝ። እንደ ወረቀት የቀለለ አሉሚኒየም፣ ቁልፉ ሲፈትገው ኖሮ የሳሳ። አባባ ከመብራት መስመር ሥር ሞታ ካገኟት፣ እግሯ ቀይ ከሆነ ትልቅ ነጭ ወፍ ላይ ነው የፈቱት። መቼ? ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት፣ በበጋ። ሽመላ ናት። ፊደሉ ላቲን ነው፤ ቁጥርም አለው። ወረቀት አልብሼ በእርሳስ አሸሁትና ጽሑፉ ቀስ እያለ ብቅ አለ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፈረንጆቹ ሽመላ ክረምቱን የት እንደምታሳልፍ ለብዙ ዘመን አያውቁም ነበር። ሐይቅ ሥር ገብታ ትተኛለች የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። (የመስቀል ወፍ ነገር ትዝ ካላችሁ አትሳቁባቸው።) እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ፣ አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር የተሰካ ሽመላ ከእነ ነፍሷ ደርሳ ተገኘች፤ ያኔ ነው ወዴት ስትሄድ እንደኖረች የተገለጠላቸው። በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ቁጥር የተቀረጸባት ቀለበት ወፍ እግር ላይ ማሰር ጀመረ። መምህር ነበር፤ እሱስ ቁጥሩን የሚያነበው ሲያጣ ምን ይሰማው ኖሯል?

ለወዳጄ ደወልኩ። ከእነ ምስሉ ላኩለት። እሱም ወደሚመለከተው የአውሮፓ የቀለበት ማዕከል አሻገረው። ቀለበቱን ግን እማማ አልሰጡኝም፤ «ቁልፌ በምን ይንጠልጠል?» አሉ። ልክ ናቸው።

መልሱ የመጣው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለተኛዋ ቁጥር 3 ናት ወይስ 8? 3 ከሆነች ሽመላዋ ስትሞት የ25 ዓመት አሮጊት ነበረች፤ ስንትና ስንት ጊዜ በረሃና ባሕር አቋርጣ የተመላለሰች። 8 ከሆነች ግን በዚያው ዓመት የተፈለፈለች፣ የመጀመሪያ ጉዞዋን ሳትጨርስ የቀረች ናት። እባክዎ እንደገና ይመልከቱልን ይላል ደብዳቤው።

በዚያው ምሽት እማማ ቤት ተመለስኩ። በስልኬ መብራት አየሁ። በማጉሊያ አየሁ። ወደ ግራ ሳዘነብለው 3፣ ወደ ቀኝ ሳዘነብለው 8። ቁልፉ የሚያርፍባት ቦታ እዚያችው ላይ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ስገላብጠው ቆየሁ። 25 ዓመት! እንዴት ያለ ወሬ ነው።

እማማ ትዕግሥታቸው አለቀ። ቁልፉን ይፈልጉታል። «የፈለግከውን ጻፍ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ማን ያየዋል?»

ቁልፉን ሰጠኋቸውና እዚያው መደቡ ላይ ሆኜ መልሱን ጻፍኩ፤ «ሁለተኛዋ ቁጥር አትነበብም።»